የቢቸናዋ ድንኳን ሰፊ

ውድ እታለሜ ዑሙሰልማ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያማርርሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

“ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ” እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔና አንቺ ግን ስልክ ላይ ተነጋግረን አናውቅም። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ “እሺ እታለም” እላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለሽ ማንበብ ግድ ይሆንብሻል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺን ዝም ማሰኘቴ ነውና ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ አትቆጪ።

አብዱልሐኪም መልእክትሽን አድርሶልኛል። ልጅሽ አደራ አይበላም፤ ድምፅሽን ሳይቀር አስመስሎ ቃል በቃል ነው የነገረኝ። ክፍሉ ተለቅልቋል፣ አልጋ ተገዝቷል፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ክረምት ሳይገባ፣ የፊታችን እሑድ፣ መኪናውን ይዞ ይመጣና ከነዕቃዬ ጭኖኝ ደጀን ይገባል። አሁንም እምቢ ካልኩ ግን “ከእንግዲህ እህት አለኝ እንዳትል ንገራት” ብለሻል። ይህቺን የመጨረሻዋን ሲናገር ልጁ ራሱ አንገቱን ደፋ። እኔም ያቀረብኩትን ምሳ ሳልነካው አነሳሁት።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ባለፈው መስከረም ደጀን መናኸሪያ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ለምን ሳልመጣ እንደቀረሁ ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። “መኪና ተበላሸ” ብቻ ነበር ያልኩሽ። መኪናውስ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። ግን ተሠርቶ ሄደ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የነሐሴውን ጎርፍ ታስታውሻለሽ። ሞጣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ፈፋ በበጋ ዶሮ እንኳ የሚሻገረው ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በዚያን ቀን የታመመች ጎረቤት ልጠይቅ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጥቼ ነበር። ስመለስ በሬ በነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ይሄዳል። ባሌ እንድሪስ፣ አላህ ይርሐመው፣ በገዛ እጁ ያቆመው ምሰሶ፣ የሱቃችን መደርደሪያ፣ ጨርቁ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም ሄዷል። ውሃው ሲጎድል ጭቃ ውስጥ ተዘቅዝቃ የተገኘችው የስፌት መኪናዬ ብቻ ናት።

እኔ ግን አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ “ዘሚራ እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት” አለ። አንቺ በስልክ ስታለቅሺ አባባይሽ እኔ ነበርኩ፤ “ነፍሴ ተርፋለች እኮ” እያልኩ። ጥንካሬ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የት ሄጄ፣ ማን ፊት ማልቀስ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይመጣል፣ ለማልቀስም ለመጽናናትም ወግ አለው። ቤት ሲሞት ወግ የለውም። ሰዉ መጥቶ የፈረሰውን ያይና “አላህ ይተካ” ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እንግዲህ በመስከረም መንገዱ ሲከፈት ጓዜን ጠቅልዬ፣ የስፌት መኪናዬን አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ ወደ አንቺ መንገድ ጀመርኩ። ቢቸና መግቢያ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እየተራገመ ክሪክ ሲፈልግ ዝናቡ ወረደ። ተሳፋሪው ወደየሻይ ቤቱ ሮጠ። እኔ ያየሁት ግን ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ነው። እናታችን “የለቅሶ ቤት እያየ የሚያልፍ ሰው፣ በራሱ ለቅሶ ቀን ብቻውን ይቀመጣል” ትል እንደነበር አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ገብቼ “አላህ ያጽናችሁ” ልል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጥግ ይዤ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ።

አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ግን አንዲት አሮጊት የሟቹን ጋቢ አቅፈው “ቤቴ ፈረሰ፣ ምሰሶዬ ወደቀ” እያሉ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ለቅሶ ላይ ሁልጊዜ የሚባል ነው፤ ስንት ቦታ ሰምተነዋል። የእኔ ቤት ግን በእውነት ፈርሷል። ከነሐሴ ጀምሮ ደረቴ ውስጥ የተቋጠረው ሁሉ ባንዴ ተፈታ። እታለም፣ ጮኬ አለቀስኩ። ስሙን ለማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው ሰው ግቢ ውስጥ፣ ሻሼ ወድቆ እስኪገለጥ ድረስ አለቀስኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያገራችን ሰው ለቅሶ አዋቂ ነው፤ የይሉኝታውን ከእውነተኛው ይለያል። ሟቹ አቶ ስጦታው ደግሞ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ ሞጣ ላይ ሐጅ ኡበይዳ የሚባሉ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ነበሯቸው። መርዶ ተልኮላቸው ቤተሰቡ መምጣታቸውን እየጠበቀ ነበር። እንግዲህ አስቢው፤ ከሞጣ መኪና የወረደች ሙስሊም ሴት ገብታ ከዘመድ በላይ ስታለቅስ ያየ ሰው ምን ይበል? የሐጅ ኡበይዳ ልጅ አደረጉኝ።

ለቅሶ ቤት “ማነሽ” ተብሎ አይጠየቅም። ደግፈው አስነሱኝና ከባለ ለቅሶዋ ከእማማ ባንቺዓለም ጎን፣ የቅርብ ዘመድ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸውም አንገቴን አቅፈው “ስጦታው አባትሽን እንዴት ይወዳቸው ነበር መሰለሽ” አሉኝ። እንዲያ እያሉኝ “እኔ እኮ ከዝናብ ልጠለል ነው የገባሁት” ልበላቸው? አንቺ ብትሆኚ ትዪያቸው ነበር። እኔ አልቻልኩም።

ይህን ጊዜ ነፋስ ተነሳ። ድንኳኑ ድሮም አሮጌ ነው፤ ጣራው መጋጠሚያው ላይ ተተረተረና የተቋጠረው ውሃ ባለ ለቅሶዎቹ ላይ ወረደ። ወንዶቹ በዱላ ደግፈው ሊይዙት ሲሞክሩ ይብሱን ቀደዱት። እኔ ደግሞ ስፌት ሲበላሽ እያየሁ መቀመጥ አልችልም፤ ይህን አንቺ ታውቂያለሽ፣ የሠርግሽን ቀሚስ እላይሽ ላይ እንዳለ ጫፉን የዘመዘምኩልሽ እኔ አይደለሁ? ጓዜን የሰፋሁበት የጆንያ መርፌና ሲባጎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እንባዬን ጠርጌ አግዳሚው ላይ ወጣሁ። “ሸራውን ወጥራችሁ ያዙልኝ” ስል ወንዶቹ ወጥረው ያዙልኝ።

ግማሹን እንደሰፋሁ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ጎማው ተቀይሯል። ረዳቱ ድንኳኑ ድረስ መጥቶ እንሂድ አለኝ። አሁን ብለቀው እስከ ጫፉ እንደሚተረተር ነገርኩት። ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ሄዶ ጓዜንና የስፌት መኪናዬን አወረደልኝ። እውነቱን ልንገርሽ? መርፌውን ሌላ ሰው ይዞ ሊጨርሰው ይችል ነበር። መነሳት ያልፈለግሁት እኔ ነኝ። ካለቀስኩበት ቦታ መሄድ አልፈለግሁም።

በማግሥቱ እውነተኛው ሐጅ ኡበይዳ ከእውነተኛ ልጃቸው ጋር መጡ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደ ኪዳን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ። ሐጁን ተቀብለው ካስቀመጡ በኋላ፣ ልጃቸው ቀድማቸው መጥታ ትናንት ሙሉ ቀን ድንኳኑን ስትሰፋ እንደዋለች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ማሳደግም እንደሚያስመሰግን ነገሯቸው። ሐጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን አዩ። “ኸረ ልጄ ይችው ናት” አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ጎርፉን፣ ጎማውን፣ ዝናቡን። ማንንም ለማታለል እንዳልመጣሁ፣ ዛሬውኑ መኪና ፈልጌ እንደምሄድ ተናገርኩ። እማማ ባንቺዓለም እስክጨርስ አዳመጡኝና፣

“ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ” አሉኝ። “ለኔ ስጦታው ካልሆነ፣ ለማን ነበር እንዲያ ያለቀስሽው?”

“ለቤቴ ነው፣ እማማ።”

“እንግዲያማ አንች ለቤትሽ፣ እኔም ለቤቴ። አብረን ነዋ የተቀመጥነው። ሳልስቱ ሳይወጣ ከዚህ ንቅንቅ የለም።”

ሐጅ ኡበይዳ ደግሞ ረጋ ብለው፣ ሁለተኛ ሴት ልጅ ከሰጧቸው እሳቸውም እንደማይመልሱ ተናገሩ። ጋሽ ወልደ ኪዳን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እማማ ራሳቸው ሳቁ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ሳልስቱ ሲወጣ “እስከ አርባው” ተባልኩ። እድሩ ድንኳኑን በሙሉ እንደ አዲስ እንድሰፋው ለመነኝ፤ ለአርባው እንዲደርስ። እማማ ለእኔ ብለው አዲስ ድስት አስገዙ፤ ከቤታቸው ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ሰቀሉት፣ ሌላ ሰው ሲነካው ካዩ አያድርስ ነው። ለአርባው በሬ ሲታረድ ደግሞ ለእኔና ለሰፈሩ ሙስሊም ብለው የመስጊዱን ጀመዓ ጠርተው በግ አሳረዱ። በእኔ የተነሳ ያን ሁሉ! “እማማ፣ እኔ ሽሮ ይበቃኝ ነበር” ስላቸው፣ ሽሮ ለጾም ነው ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው አንቺን ይመስላል፤ ለዚያም ይሆናል የወደድኳቸው።

እታለም፣ ድንኳን ስፌት እንደ ቀሚስ አይደለም። ሸራው ክብድ ይላል፣ እጅ ያደማል፣ መርፌውን በድንጋይ የምትገፊበት ጊዜ አለ። ስፌቱ ደግሞ ውሃ እንዳያስገባ ሻማ እየቀባሁ ነው የምሰፋው። የመጀመሪያውን ስጨርስ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተክለው ከላይ በባልዲ ውሃ ደፉበት። ጠብ አላለም። ጋሽ ወልደ ኪዳን በዚያ ሰሞን ለሰው ሁሉ የሚሉት ምን መሰለሽ? “ይችን ድንኳን ካሰፋን ወዲህ የሚሞት ጠፋ፤ ገንዘባችንን በከንቱ አወጣን።”

የሚሞት ቢጠፋም የሚያገባ አልጠፋም። በጥር ሠርግ ሲጀምር የእኔ ድንኳን ከግቢ ግቢ ዞረ። የአምበር እድር ሰምቶ በአይሱዙ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ድንኳኖች ላከብኝ፤ ድንኳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ማለቴ አይደለም፣ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ድንኳን የቀራቸው ማለቴ ነው። ከደብረ ወርቅ መጡ። የሰፈሩ ሴቶች እጄን እያዩ መርፌ ያዙ፤ አሁን ከሰዓት በኋላ በእማማ ባንቺዓለም ግቢ አንድ ሸራ ዘርግተን፣ ዙሪያውን ከብበን፣ እያወጋን እንሰፋለን። ወሬው ሲጥም ስፌቱ ይጣመማል፣ ወሬው ሲጠፋ ስፌቱ ይቀናል። ጎበዟ አየሁሽ የምትባል ጎረቤት ናት፤ ስትስቅ ግን መርፌዋን ትጥላለች፣ የምንፈልገው ሁላችንም ነን። ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ድንኳን ባለበት ሁሉ እኔ አለሁ። የማለቅስለት ሰው አለኝ፣ እልል የምልለት ሰው አለኝ። ስሜን የማያውቅ “ድንኳን ሰፊዋ” ይለኛል። ሞጣ ላይ ያን ሁሉ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ “የእንድሪስ ሚስት” ነበርኩ። አልከፋኝም፣ ክብሬ ነበር። ግን በራሴ ሥራ ስጠራ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ቤቱን አብዱልሐኪም ነግሮሻል፤ “በበቅሎ ጋጣ ውስጥ ትኖራለች ወይ” ብለሽ እንደጮህሽም ነግሮኛል። ጋጣ ውስጥ አይደለም፣ ጋጣው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ልዩነት አለው። አቶ ስጦታው በቅሎዎቻቸውን ያሳድሩበት የነበረውን የግቢውን ጥግ እማማ ሰጡኝ፤ “በቅሎዎቹም ከሞጣ ነበር የሚመጡት” ብለው። እንጨቱን ከስፌቱ ባገኘሁት ገዛሁ። ግንብ አይደለም፣ የጭቃ ቤት ነው፤ ጭቃ ደግሞ ያለ ደቦ አይነሳም።

የደቦን ወግ ታውቂዋለሽ። የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል። የማያበላ ሰው ደቦ አይጠራም። እኔ ያን ሁሉ ሰው የማበላበት አቅም የለኝም። እማማ እኔ ላብላ አሉ፤ እምቢ አልኩ። እስካሁን ያበሉኝ አንሶ፣ ለቤቴም እሳቸው ያብሉ? የራሴን ደቦ በሰው ሞሰብ ከምጠራ፣ ቤቱ ቢቀር ይሻለኛል አልኩ። እንዲህ እያልኩ እንጨቱ ተከምሮ ወራት ተቀመጠ። የዚያን ጊዜ ነው፣ አልደብቅሽም፣ ወደ አንቺ ለመምጣት ልቤ የተነሳው። በሰው ቤት ጥግ ይዤ መኖር ካልቀረልኝ፣ የእህቴ ቤት ይሻላል ብዬ ጓዜን እስከመቋጠር ደርሼ ነበር።

ጋሽ ወልደ ኪዳን ይህን ሰሙ። ዐቢይ ጾም ገባ፣ ተከትሎ የእኛ ረመዳን ገባ። አንድ ቀን መጡና የፊታችን ሐሙስ ቤትሽ ይመረጋል አሉኝ። ዓርብ የእኛ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ የእነሱ ሰንበት ነው፣ ረቡዕ ደግሞ ማርያም ናት፣ ስለዚህ ሐሙስ። እኔ ተናደድኩ። በሁለት ወገን ጾም፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያልበላ ሰው ጭቃ ሊያስረግጡ? “ጋሼ፣ ሰው ሊገድሉ ነው?” አልኳቸው። “ድንኳኑ ይሞከርበት እንጅ” ብለው ሄዱ።

ሐሙስ በማለዳ ግቢው ሰው ሞላ። የእድሩ ሰው፣ የመስጊዱ ሰው፣ ስሙን የማላውቀው ሰው። ጭዱ ተበተነ፣ ውሃው ተቀዳ፣ ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን ሲረግጡ ዘፈኑን አወጡት። እኔ ከወዲያ ወዲህ እሮጣለሁ፤ ልቤ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ማንም ወደ ጓዳ በኩል ዞር ብሎ አላየም። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፣ ሙስሊሙ እስከ መግሪብ። ያኔ ገባኝ፣ ዑሙሰልማ። እኒያ ሽማግሌ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ መርጠው፣ ማንም ከእኔ ምሳ ሊጠብቅ የማይችልበትን ቀን ነበር ያወጡልኝ።

የጭቃ ባልዲ እንደያዝኩ ቆሜ አየኋቸው። እሳቸው ከጥላው ሥር ሆነው ሰውን ያዛሉ፣ ወደ እኔ አያዩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቅዳሴው ደወል ተሰማ። ክርስቲያኖቹ አሁን መብላት ይችላሉ። ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ፤ ሮጬ ሄጄ ወደየቤታቸው ገብተው እህል እንዲቀምሱ፣ የቀረውን እኛ እንደምንጨርስ ለመንኳቸው። ጋሽ ወልደ ኪዳን ጭቃው የሚያያዘው የረገጠው እግር እኩል ሲራብ ነው አሉና ሥራው ቀጠለ። አንድም ሰው አልሄደም። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው ግድግዳ ተመረገ። አዛን ሲወጣ ከየቤቱ የመጣው ተዘረጋ፤ ተምር፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ስልጆ፣ ሁሉም ጾም፣ ሁሉም ለሁላችን የሚሆን። እነሱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ያቆዩትን ረኃብ፣ እኛ ከንጋት ጀምሮ የያዝነውን፣ እጃችን ላይ ጭቃው ሳይደርቅ አንድ ላይ አፈጠርን። እማማ ባንቺዓለም የመጀመሪያዋን ተምር ለእኔ አጎረሱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እናታችን ስትሞት ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። በረዶ ሲወርድ በነጠላሽ ሸፍነሽኝ አንቺ ራስሽን ያበጠሽበትን ቀን አልረሳሁትም። ትምህርቴን እንድቀጥል ብለሽ አንቺ ያቆምሽውንም አልረሳሁትም፤ ይኸው ይህን ደብዳቤ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ ነግሬሽ አላውቅም፣ ጊዜ አትሰጪኝማ። አልመጣም ስል፣ አልወድሽም ማለቴ አይደለም። ያዘጋጀሽልኝ የማርፍበት ቤት ነው። መጋረጃው ያማረ ነው፣ አልጋው ለስላሳ ነው፤ እኔ ግን ገና አልደከመኝም። አንቺ ጋ ብመጣ ጎርፍ ቤቷን የወሰደባት ምስኪኗ ታናሽሽ ሆኜ ነው የምኖረው። እዚህ ድንኳን ሰፊዋ ነኝ። ጎርፉን የሚያነሳብኝ እንኳ የለም፤ የሚያነሱት የአምበርን ቀዳዳ ድንኳን ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እሱን ሳልነግርሽ ብደመድም እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ የእድሩ አባል ሆንኩ። አባል የሚሆን ሰው፣ እድሩ የሚቀመጥለትን የቅርብ ዘመዶቹን ስም ይናገራል፤ ከእነሱ አንዱ ቢሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ሰው ይመጣል። ሌላው ስንት ስም ይጠራል። እኔ ተነሥቼ አንድ ስም ብቻ ጠራሁ፤ “እህቴ ዑሙሰልማ፣ ደጀን” አልኩ። ሟርት አድርገሽ እንዳታይብኝ፤ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። የወግ ነው።

ይሁን እንጂ ምናለ የሚባለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ተነሥቶ ጥያቄ አነሳ፤ ደጀን ያለች፣ ማናችንም ዓይተናት የማናውቅ ሴት እንዴት በደንቡ ውስጥ ትገባለች አለ። ክርክር ሆነ። እማማ ባንቺዓለም “እኔ አውቃታለሁ፣ ስትቆጣ በስልክ ሰምቻታለሁ” አሉ። በመጨረሻ ጋሽ ወልደ ኪዳን ከዘራቸውን አንስተው ጸጥ አሰኟቸውና፣ ስምሽ ይግባ፣ ግን በአንድ ግዴታ ነው ብለው የሚከተለውን ተናገሩ፤ ለአንቺ እንዲደርስም አደራ ብለውኛል፦

“ያላየነውን ሰው ምኑን አንስተን እናለቅሳለን? ትምጣና ትቆጣን። መጀመሪያ ቁጣዋን እንወቀው።”

ስለዚህ እታለም፣ እሑድ አብዱልሐኪም መኪናውን ባዶውን ይዞ እንዳይመጣ። ከጎኑ ተቀመጪ። መጋረጃውን ከፈለግሽ ይዘሽው ነይ፣ እኔም መስኮት አለኝ። መምጣቴንና አለመምጣቴን እዚህ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለን፤ እማማም ጎራ ይለያሉ፣ ከማን ወገን እንደሚሆኑ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ እየጠበቀሽ ነው።

ታናሽሽ ዘሚራ
ቢቸና፣ ከራሴ ቤት